ብሬከር፣ የመርከብ ግድግዳና የሶፍትዌር ንድፍ

የሶፍትዌር መሐንዲሶች ፓተርን የሚሉትን ሐሳብ ያገኙት ከሕንፃ ሠሪዎች ነው። አርክቴክቱ ክሪስቶፈር አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ ለከተማ፣ ለቤትና ለክፍል አሠራር 253 ፓተርኖችን ሲያቀርቡ፣ እያንዳንዱ ከየትኞቹ ጋር እንደሚያያዝ አብረው ጽፈዋል። ሐሳቡን የተዋሰው የሶፍትዌር ሙያ ግን ለዚህ መጋጠሚያ የሚገባውን ያህል አልተጨነቀለትም፤ የዛሬው ክርክሬም ከተለያየ ሙያ የመጡ ንድፎች ሲጣመሩ ዋናው ሥራ ያለው እዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው የሚል ነው።

ማይክል ናይጋርድ ስለ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መጽሐፍ የታወቁትን ሁለት ንድፎች እንመልከት። ከኤሌክትሪክ የተወሰደው ብሬከር፣ የሚጠራው አገልግሎት ደጋግሞ ሲወድቅ ጥሪውን ይቆርጣል። ከመርከብ የተወሰደው ግድግዳ፣ የአንዱ ክፍል ብልሽት የሌላውን አቅም እንዳይበላ ይከልላል። በእነዚህ ላይ ያልተሳካን ጥሪ እንደገና መሞከር ሲጨመር፣ ለየብቻቸው ትክክል የሆኑት ሦስቱ እርስ በርስ ይጣላሉ። አንድ ጥያቄ ሦስት እርከን ቢያልፍና እያንዳንዱ እርከን እስከ ሦስት ጊዜ ቢሞክር፣ መጨረሻ ላይ ያለው ዳታቤዝ ለአንድ ተጠቃሚ 27 ጥሪ ሊደርሰው ይችላል፤ የደከመውን ለመርዳት የገባው ንድፍ ይጥለዋል። ግድግዳውም ቢሆን እስከ ላይ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1912 በሰጠመችው ታይታኒክ ውኃው ከክፍል ወደ ክፍል ያለፈው ከፍታ ባጠራቸው ግድግዳዎች አናት ላይ እየፈሰሰ ነበር። ተከልለው አንድ ዳታቤዝ የሚጋሩ አገልግሎቶችም እንዲሁ ናቸው።

«ይህ ሁሉ ስም ብቻ ነው፤ ፕሮግራመር ኤሌክትሪክ ማወቅ አያስፈልገውም» የሚል ይኖራል። ስሙ ግን ግምት ይዞ ይመጣል። የቤት ብሬከር አንዴ ከጣለ ሰው እስኪያነሣው ይጠብቃል፤ የሶፍትዌሩ ጥቂት ቆይቶ ራሱ የሙከራ ጥሪ ይልካል። ደግሞም ሽቦ ሲቆረጥ ነገሩ ያበቃል፤ የክፍያ ጥሪ መልሱ ሳይመጣ ሲቋረጥ ግን ገንዘቡ ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥሪው እንደገና ሲሞከር ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው፣ ስሕተቱም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ወግ ሳይሰረዝ በተቃራኒ ምዝገባ ሊታረም ይገባል። «እንግዲያው አለመቀላቀል ይሻላል» ለሚሉት መልሱ እዚሁ አለ፤ ገንዘብ በኔትወርክ የሚልክ ሥርዓት የሒሳብ መዝገቡንም የኔትወርኩንም ጠባይ ሳይዝ አይቆምም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ትንሽ ቡድን መጋጠሚያውን ሁሉ ሊመረምር አይችልም። እውነት ነው። ነገር ግን እንደገና መሞከርን ለአንድ እርከን ብቻ መፍቀድ የአንድ ስብሰባ ውሳኔ ሲሆን፣ 27ቱን ጥሪ ወደ 3 ያወርደዋል።