«ሰው የለኝም» ማለት ሲከብድ
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ሒሳብ ክፍሉ ሲነሣ የገቢና የወጪ ሠንጠረዥ እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ሠንጠረዡ በእጃችሁ ስላለ አናነበውም። ዛሬ መናገር የፈለግነው በውስጡ ስላለች አንዲት መስመር ነው፤ «ለስልክና ለመድኃኒት ማድረሻ መጓጓዣ» የምትለዋን። ወረርሽኙ ካለፈ ይህ ወጪ ለምን አይሰረዝም ብለው የጠየቁ አባላት አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የማኅበሩ ገንዘብ የሁላችንም ነውና። መልሱን ለመስጠት ግን በዚያ ጊዜ ስለ ፋርማሲ የወጣውን ደንብና ደንቡ በእኛ ቤት እንዴት እንደሠራ ማስታወስ አለብን።

ማርች 23 ቀን 2020 ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ ሲያዙ፣ ፋርማሲ ከሚዘጉት ቤቶች ውስጥ አልነበረም። መድኃኒት ለማምጣት መውጣትም አልተከለከለም። የተለወጠው ሰዓቱ ነው። የማዘዣው ብዛት ከሠራተኞቹ ዐቅም በላይ ስለሆነ፣ እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ፋርማሲዎች በቀን እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ በራቸውን ዘግተው ውስጥ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ሆኖም ቢያንስ ከረፋዱ 10 እስከ 12፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ይጠበቅባቸው ነበር። ይህ በፈረንጅ ሰዓት ነው።

ደንቡ ክፉ አልነበረም። ፋርማሲስቶቹም ሰዎች ናቸው፤ ያን ሁሉ መድኃኒት ቆጥረው የሚያዘጋጁበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ከመካከላችን በኬር ሥራ ላይ ያሉት ከማለዳ እስከ ማታ ይሠሩ ስለነበር፣ ሁለቱም ሰዓቶች ሥራ ላይ እያሉ ያልፉባቸው ነበር። ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱት ደግሞ በዚያ ሰዓት ተኝተዋል። በእናቶቻችን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ልጅ በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ በስልክ «ከሁለት እስከ አራት ነው» ሲል፣ የሐበሻ ሰዓት የምትቆጥር እናት የምትሰማው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። በፈረንጅ 8 ሰዓት ላይ ከተዘጋ በር ፊት ቆማ ትመለሳለች። «ፋርማሲው ተዘግቷል» ብላም ለጎረቤቷ ትናገራለች።

በዚያ ዓመት የፈረንጆች ስቅለት ኤፕሪል 10፣ የፋሲካቸው ማግስት ሰኞ ደግሞ ኤፕሪል 13 ዋለ። ፋርማሲዎች በሁለቱም ቀናት ከሰዓት በኋላ ከ2 እስከ 5 እንዲከፍቱ ታዘዙ፤ በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ 8 እስከ 11 ማለት ነው። መልካም ትእዛዝ ነበር። የሚጠቅመው ግን ለሰማው ሰው ነው። የእኛ ፋሲካ ኤፕሪል 19 ስለነበር የፈረንጁን በዓል ልብ ያላለ ብዙ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ቤት ማድረሱ እንምጣ። ከኤፕሪል 9 ጀምሮ ኤን.ኤች.ኤስ. ለቫይረሱ እጅግ የተጋለጡ ተብለው «ከቤት አትውጡ» የሚል ደብዳቤ ለደረሳቸው ሰዎች መድኃኒት በነፃ ቤታቸው የሚደርስበትን አገልግሎት ጀመረ። ደንቡ ተራ ነበረው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘመድ፣ ወዳጅ ወይም ጎረቤት ያመጣልዎት እንደሆነ ነው። ያ ከሌለ በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ750,000 በላይ ሰው በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ተመዝግቦ ነበርና። እሱም ካልተገኘ ፋርማሲው ራሱ ያደርሳል፣ ወይም የሚያደርስ ሌላ ፋርማሲ ይፈልጋል። አድራሹ በር ያንኳኳል፣ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ይላል፣ ባለቤቱ ከረጢቱን ሲያነሣ አይቶ ይሄዳል። በሩ ላይ ጥሎ መሄድ አይፈቀድም፤ የሚከፍት ከሌለ መድኃኒቱ ወደ ፋርማሲው ይመለሳል።

እንግዲህ አገልግሎቱን ለማግኘት አንድ ቃል መናገር ያስፈልግ ነበር፤ «የሚያመጣልኝ ሰው የለኝም»። እናቶቻችን ያልቻሉት ይህን ነው። እኛ ዘንድ «ሰው የለኝም» ማለት ችግርን መግለጽ ብቻ አይደለም፤ ራስን ማዋረድ፣ ልጅንም ማሳጣት ይመስላል። ደግሞስ እውነት ሰው የላቸውም? እድር አላቸው፣ ማኅበር አላቸው፣ ልጆች አላቸው። ነገር ግን ልጁ ማንቸስተር ነው፣ የማኅበር ጓደኛዋም ያው ደብዳቤ ደርሷት ቤት ተቀምጣለች። ፋርማሲው ደውሎ ሲጠይቅ «ልጄ ያመጣልኛል» ይላሉ። ፋርማሲውም አምኖ ይዘጋል። በደንቡ መሠረት ሰው ያለው ሰው ከተራው ይወጣል።

ሌላም የሚያስፈራ ነገር ነበር፤ ምሥጢር። «ሐበሻ ከሚያመጣልኝ ፈረንጅ ቢያመጣልኝ ይሻላል» ያሉን አባላት አሉ። አልተቀየምናቸውም። ከረጢቱ ላይ ስም አለ፣ ውስጡ ደግሞ አንዲት ሴት ለእኅቷ እንኳ ያልነገረችው በሽታ ሊኖር ይችላል። መድኃኒት ማድረስ የሰውን ገመና መሸከም ነው። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን፤ የምታደርሰው ሴት የታሸገውን እንደታሸገ ታደርሳለች፣ ምን እንደሆነ አትጠይቅም፣ ለማን እንዳደረሰችም ለሌላ አባል አትናገርም። በሒሳብ መዝገባችን ላይም የተጻፈው ቀኑና የመጓጓዣው ዋጋ ብቻ ነው፤ የተቀባይዋ ስም የለም። ለጋሾቻችን ደረሰኙን ስታዩ ስም የጎደለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነገር የቀን ቆጠራ ነው። በዚያ ወቅት እጥረት እንዳይመጣ ጂፒዎች ከወትሮው ለረዘመ ጊዜ እንዳያዙ ተነግሯቸው ነበር። ስለዚህ የሦስት ወር መድኃኒት ወስዶ መቀመጥ አልተቻለም፤ መቁጠር ግን ይቻላል። ለምሳሌ በቀን ሁለት ፍሬ የሚወሰድ የደም ግፊት መድኃኒት 20 ፍሬ ቢቀር፣ የ10 ቀን ነው። ጂፒው ማዘዣውን እስኪልክ፣ ፋርማሲው እስኪያዘጋጅ፣ ሰው እስኪያደርስ 7 ቀን ብንይዝ የቀረን 3 ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድ ከባንክ ሆሊዴይ ጋር ከተገናኙ ያ 3 ቀን የለም ማለት ነው። መድኃኒት የሚታዘዘው ሲያልቅ አይደለም፤ ገና 20 ፍሬ ሲቀር ነው።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል እንጨምር። ማድረሱ በነፃ ነበር ማለት መድኃኒቱም በነፃ ነበር ማለት አይደለም። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት አይከፍሉም፤ ከእነሱ በታች ያሉትና ነፃ የሚያደርግ ወረቀት የሌላቸው አባሎቻችን ግን በዚያ ዓመት ለአንድ ዓይነት መድኃኒት 9.15 ፓውንድ ይከፍሉ ነበር። በየወሩ አንድ ዓይነት ብቻ የምትወስድ ሴት በዓመት 109.80 ፓውንድ ታወጣለች። የዓመቱን ቅድሚያ ክፍያ ሰርተፊኬት ብትገዛ ግን 105.90 ነበር፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት ብትወስድም ያው 105.90። ይህን የሚነግራት ሰው ግን ያስፈልጋታል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። የነፃ ማድረሻው አገልግሎት በጁላይ 2020 መጨረሻ ቆመ፣ በኖቬምበር እንደገና ተጀመረ፣ በኋላም አበቃ። ስኳሩና ደም ግፊቱ ግን አላበቁም። ክረምት ሲመጣ ጉንፋን አለ፣ መንሸራተት አለ፣ የፈረንጅ በዓል በየዓመቱ አለ። ስለዚህ መስመሯ እንዳትሰረዝ የምንጠይቃችሁ ለሦስት ሥራዎች ነው።

አንደኛ፣ በየሳምንቱ ሰኞ ተረኛዋ አባል ለእናቶቻችን ትደውላለች። «የሚያመጣልዎት ሰው አለ?» ብላ አትጠይቅም። «ስንት ፍሬ ቀረዎት? ማክሰኞ ላምጣልዎት ወይስ ረቡዕ?» ትላለች። እንዲህ ከተጠየቀች ማንም እናት «ሰው የለኝም» ማለት አያስፈልጋትም።

ሁለተኛ፣ የየሰፈሩን ፋርማሲ የሥራ ሰዓትና የበዓል ቀን ሰዓት በአማርኛ፣ በሐበሻም በፈረንጅም አቈጣጠር ጎን ለጎን ጽፈን በየቤቱ እናደርሳለን። የማቀዝቀዣው በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው።

ሦስተኛ፣ ፋርማሲ ሄዶ በስልክ ማስተርጐም የሚችሉ አባላት ስም ዝርዝር እንይዛለን። የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን በሽታ ለፋርማሲስት የሚያስተረጉምበት ጊዜ ይብቃ እንላለን።

ወጪው ትንሽ ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። መንግሥት ደንቡን አውጥቷል፣ ፋርማሲውም በሩን ከፍቷል። ከዚያ በር እስከ እናቶቻችን ደጃፍ ያለው መንገድ የእኛ ነው። አሁን እጅ በማውጣት እንድትወስኑ እንጠይቃለን።