በ1977 በማህፀን የነበሩት

አቅራቢት፦ ወንድሜ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን ስትዘልቅ አንጾኪያን ታገኛለህ። በ1977ቱ ረሃብ ስንቱ ለእርዳታ እህል የተሰለፈበት ቦታ ነው። ያኔ በማህፀን የነበሩት ዛሬ አርባን ተሻግረዋል። ረሃቡ ለቋቸዋል ትላለህ?

አቅራቢ፦ ሙሉ በሙሉ አይመስለኝም፣ እህቴ። የጉበትና የነርቭ ሕዋስ የሚይዙት ዘረ መል አንድ ነው፤ የሚለያዩት ለእያንዳንዱ የማያስፈልገው ዝም ስለሚሰኝ ነው። ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ዲኤንኤው ላይ ይለጠፋል፤ ፊደሉ ሳይለወጥ ንባቡ ይቆማል።

አቅራቢት፦ ረሃብ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

አቅራቢ፦ በአውሮፓውያን 1944–45 ክረምት በሆላንድ ረሃብ ሲገባ የተፀነሱ ሰዎች ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ተመረመሩ። ለእድገት በሚያገለግለው አይጂኤፍ 2 ዘረ መል ላይ ከወንድም እህቶቻቸው ያነሰ ሜቲል ተገኘባቸው። አስቢው፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ!

አቅራቢት፦ የእኛዎቹስ?

አቅራቢ፦ በራያ ቆቦ በማህፀን ሳሉ ረሃቡ ያገኛቸው ተጠንተው፣ የማሰብና የማስታወስ ፈተና ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ታይቷል። ጥናቱ የለካው ግን ውጤቱን እንጂ ሜቲሉን አይደለም።

አቅራቢት፦ ሰውነት ሜቲል ለማዘጋጀት ፎሌት ይፈልጋል። ፎሌት ደግሞ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ማሳ ላይ፣ ማሾው ውስጥ አለ! ለገበያ ሲጫን ለነፍሰ ጡሯ ድስት አለመቅረቱ ያንገበግበኛል።

አቅራቢ፦ ማሾ ብቻውንም አይበቃም። ፎሌት የሚያስፈልገው የፅንሱ የአንጎልና የአከርካሪ ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ብዙዎች ማርገዛቸውን ሳያውቁ። ልጅ ያሰባችሁ እህቶቻችን፣ እናንተም ባሎች፣ ከእርግዝናው በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የፎሌት ክኒን የሆነውን ፎሊክ አሲድ ጠይቁ።