ዕድሜያቸው ከፍ ላለ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ምን እናስተምር?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲመሠርቱ፣ ትግሉ ሕፃናትን ከተዘጋ ቤት ማውጣት ነበር። የያኔዎቹ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ስለዚህ ላነሣ የምሻው ለወጣቶች ስለሚሆን ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው።

ፊደል በመቁጠር አሥር ዓመት የቆየን የሃያ ዓመት ወጣት ታክሲ እናሳፍረው እላለሁ። በክፍል ውስጥ ብር የቆጠረ ተማሪ ረዳቱ ፊት ሊጠፋበት ይችላልና ትምህርቱ እዚያው ታክሲ ውስጥ ይሰጥ። መናገር የማይችለውም «ወራጅ አለ» የሚል ካርድ ይያዝ። ይህን አርባ ተማሪ ይዞ መሞከር ዘበት ነው፤ ሁለት ሦስት ይዞ ግን ይቻላል።

ሻይ ማፍላትን ስናስተምር ከመጨረሻው እንጀምራለን። መምህሩ አፍልቶ፣ ቀድቶ፣ ስኳር ጨምሮ ማማሰሉን ብቻ ለተማሪው ይተውለታል፤ ያ ሲለመድ ስኳር መጨመሩን፣ ቀጥሎ መቅዳቱን፣ እንዲህ እያለ እስከ ውኃ መጣዱ። ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሥራውን የሚጨርሰው ራሱ ነው።

ወላጆች «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» ይሉኛል። ሙሉ መልስ የለኝም። ሻዩን አፍልቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ የሚመለስ ልጅ ግን ከእኅት ከወንድሙ የሚፈልገው እርዳታ ያንሳል።