በባሮ ወንዝ ዓሣ ለማጥመድ ስለ መዘጋጀት



የዓሣ አጥማጆች ክበባችን በጥር ዕረፍት ወደ ጋምቤላ ለመሄድ ስላሰበ፥ ወላጆች የሚያሳስባቸውን ነገር አስቀድሜ ለመናገር እወዳለሁ።

ባሮ እንደ ደጋ ጅረት ቀዝቃዛና ጠባብ አይደለም። ብርብርና ገባ ተገናኝተው የሚፈጥሩት ሰፊና ሙቅ ወንዝ ነው። በቀድሞው ዘመን በክረምት እስከ ጋምቤላ መርከብ ይመጣበት ነበር። ስለዚህ ጊዜያችን ውሃው የሚጎድልበት በጋ ይሁን። ቢሆንም በጋምቤላ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በኢሉባቦር ደጋ የጣለ ዝናብ ወንዙን ሊሞላው ስለሚችል፥ በውሃው ዳር ምልክት ተክሎ መመልከት ይበጃል።

ከላባ በተሠራ ዝንብ የሚያጠምድ ሰው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ መግባት ይወዳል። በባሮ ግን ይህ ፈጽሞ አይሆንም። በ1958 ዓ.ም. አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል እዚያው ጋምቤላ አዞ ገድሎታል። እኛ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብለን፥ ከፍ ካለ ዳርቻ እንወረውራለን፤ የምንይዘው ዓሣ ቢያንስም ይነስ። የያዝነውንም በወንዙ ዳር አንዘረግፍም።

ነብር ዓሣ የሚባለው ጥርሱ ስለታም በመሆኑ ከመንጠቆው በላይ ሽቦ ይታሠራል፤ መንጠቆውም በፒንሳ እንጂ በጣት አይነቀልም። ክሩ ወደ ኋላ ስለሚወነጨፍ ከአጥማጁ በስተኋላ ማንም አይቁም። (ይህን ቦታ በነጻ ቢሰጡኝም አልቀበልም!)

ለወባ አጎበርና ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ያስፈልጋል። የምናጠምድበትን ስፍራ የሚመርጡልን ወንዙን የሚያውቁት የአገሩ አጥማጆች ናቸው። የፈቃዱ ወረቀት ከክበቡ ጸሐፊ ዘንድ ስለሚገኝ፥ ወላጆች አንብበው እንዲፈርሙልን በትሕትና እንለምናለን።