የቮልሳችንን የኋላ ፍሬን ሸራ በግቢያችን ስንቀይር
(ለአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በርበሬና ሽሯችንን ስለምታደርስልን አሮጌ ቮልስ ነው። በፈረንጆች 1965 የተሠራች ናት፤ አራቱም ጎማዎቿ የታምቡር ፍሬን ነው ያላቸው። ጭነት ይዛ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርድ መኪና ፍሬኗ ሲሳሳ በዝምታ አይታለፍም። በዚህ ወር የኋላ ሸራዎቿን ራሳችን ቀይረናል። «ሴቶች ፍሬን ሊፈቱ ነው?» ያላችሁን ስለነበራችሁ እንዴት እንደሠራን እንንገራችሁ።

አስቸጋሪው የታምቡሩ መሃል ያለው ትልቁ ዳዶ ነው። 36 ቁጥር ቁልፍ ይፈልጋል። የሚላላው መኪናዋ መሬት ላይ እንደቆመች፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ የፊት ጎማዎቹ ድንጋይ ተደርጎባቸው ነው። በክሪክ ከተነሳች በኋላ በዚያ ጉልበት መታገል መኪናዋን መጣል ነው። ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ አስገብተን ሁለት ሆነን ተጫንነው። ከዚያ አንስተን በብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍናት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እጇን አታስገባም።

ታምቡሩ ሲወጣ ጥቁር አቧራ አለ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ አቧራው ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ቦታ ግን በኮምፕሬሰር እፍ ሲባል እናያለን። እኛ በውሃ አርሰን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው፣ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥረን ጣልን። የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይበቃም። በርበሬ የምናሰጣበት ግቢ ስለሆነ በዚያን ቀን ምንም አልተሰጣም፤ ልጆቹም ጎረቤት ዋሉ።

ሞላዎቹ ግራ ያጋባሉ። ስለዚህ አንዱን ጎን ሳንነካ ትተን ሌላውን ፈታን፤ የትኛው ሞላ የት እንደሚገባ ሲጠፋን ሄደን እናያለን። ታምቡሩ በወጣበት ሰዓት ፔዳሉ ከተረገጠ የሲሊንደሯ ፒስተኖች ይወጣሉ፤ በዚህ ምክንያት በሩን ቆልፈን ቁልፉን ሰብሳቢያችን ያዙት።

በግራ በኩል የካምቢዮ ዘይት ሸራውን አርሶት አገኘን። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም፤ ዘይቱን የሚያግደውም ጎማ ተቀየረ። የቀኙ ሸራ ገና ነበር፤ ግን አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ስለምትስብ እሱንም ቀየርነው።

ዳዶው ሲመለስ በግምት አይጠብቅም፤ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። መለኪያ ቁልፍ ስለሌለን የሰፈሩን መካኒክ ከነቁልፉ ጠርተን፣ ከፍለን አስጠበቅን። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምሮ ማጥበቅ እንጂ መልሶ ማላላት የለም፤ ኮፒሊያውም አዲስ ይሆናል። ከዚያ በሜዳ ላይ ቀስ እያልን፣ ፍሬን እየያዝን ሞከርናት።

የፊቶቹ ሸራዎች ቀርተዋል። የግራው የፊት ዳዶ ጥርሱ ተቃራኒ ነው፤ ለማላላት ወደ ቀኝ ይዞራል። ደጋፊዎቻችን፣ ዘንድሮ ስጦታ ካሰባችሁልን 300 ኒውተን ሜትር የሚደርስ መለኪያ ቁልፍ ላኩልን። የፊቶቹ እስኪቀየሩ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ በግማሽ ጭነት እንወርዳለን።