የክረምቱ ዕረፍትና ትናንሽ ልጆቻችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ሐምሌ 30 ቀን፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ቀን ብለን ብንቆጥር 65 ቀናት ልጆቻችን በእኛ እጅ ላይ ናቸው። ስለ ትልልቆቹ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን፤ ኢንሻአላህ። የዛሬው ንግግራችን ከ4 እስከ 9 ዓመት ስላሉት ትናንሾቹ ነው። እነዚህ 65 ቀናት በምን ያልፋሉ? አላህ ዘንድ የምንጠየቅበት አማና እንደመሆናቸው ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ለምሳሌ ቦዲቲን እንውሰድ። ቦዲቲ ከወላይታ ሶዶ በሀላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በውስጧ ወላይትኛ የሚናገሩ ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ፤ ከሀላባና ከስልጤ መጥተው በንግድ የሚተዳደሩም አሉ። ክረምት ሲገባ አባት ሱቁን ወይም ገበያውን ይዞ ይውላል። እናት ከምድጃው ወደ ልብሱ፣ ከልብሱ ወደ ገበያው ትሮጣለች። ዝናቡ ይጥላል፤ ደጁ ጭቃ ነው። ሦስት አራት ልጆች አንድ ወይም ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይውላሉ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «ቁጭ በል!»፣ «ዝም በይ!»፣ «አትንኩ!» የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ቤት ሁለት መፍትሔዎች ይለመዳሉ። አንደኛው ልጁን ለቴሌቪዥን ወይም ለሞባይል አሳልፎ መስጠት ነው። ሁለተኛው ከጠዋት እስከ ማታ መድረሳ መላክ ነው። መድረሳ መላኩ መልካም ሥራ ነው፤ ኡስታዞቻችንንም አላህ ይመንዳቸው። ነገር ግን «እስኪ ትንሽ ልረፍ፣ ከፊቴ ዘወር ይበል» በሚል የተላከ ልጅ ምክንያቱን ያውቀዋል። ጨዋታ የሚባል ነገር ከቤቱም ከመድረሳውም ካጣ፣ ሃይማኖት ማለት ቁጣና ዝምታ ነው ብሎ ያድጋል። በተለይ እንደ ቦዲቲ ባለ፣ አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች በሆኑበት ከተማ፣ ልጅ እስልምናውን የሚያየው በዋናነት በቤቱ ውስጥ ነው። ቤቱ ካላስወደደው ማን ያስወድደዋል?

ውድ ወላጆች፣ ልጆችን ማጫወት ከተርቢያ ውጭ ያለ ነገር አይደለም። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች እንመልከት። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትንና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። የዓሹራ ቀን የመዲና እናቶች ትናንሽ ልጆቻቸውን ጾም ያለማምዱ ነበር። ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸዋል፤ ልጁ በረሃብ ሲያለቅስ ያንን መጫወቻ ይሰጡትና እስከ ፉጡር ሰዓት ያቆዩታል።

በዚህ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። እናቶቹ «ልጅ ነው» ብለው ማለማመዱን አልተዉትም። «ዝም በል» ብለውም አልጮኹበትም። ገበያ ወጥተው ውድ ነገር አልገዙም። ቤት ውስጥ ካለው ሱፍ በእጃቸው ሠሩ። ከባዱን ነገር በጨዋታ አቀለሉለት። የክረምቱ ዕረፍት ከእኛ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ሥርዓት፣ ትንሽ ጨዋታ፣ በመካከላቸው ደግሞ የወላጅ እጅ።

የሀገራችን ልጅ የሆነችውን ኡሙ ኻሊድንም (ረ.ዐ.) እናስታውስ። ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ናቸው፤ እሷም የተወለደችው እዚሁ ሐበሻ ምድር ነው። ወደ መዲና ሲመለሱ ትንሽ ልጅ ነበረች። ቡኻሪ እንደዘገቡት ከአባቷ ጋር ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስትመጣ የለበሰችውን ልብስ አይተው «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት። ቃሉ የሐበሻ ነው፤ «ያምራል» ማለት ነው። እኛ ከግዕዙ «ሠናይ» ጋር ያለውን ዝምድና ወዲያው እንሰማዋለን። ልጅቷም በትከሻቸው መካከል ያለውን የነቢይነት ማኅተም እየነካካች መጫወት ጀመረች። አባቷ ሲቆጧት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተዋት አሏቸው።

ሱብሃነላህ! የፍጥረት ሁሉ ምርጥ የሆኑት ነቢይ አንዲት ትንሽ ልጅ ባደገችበት ቋንቋ አናገሯት፤ በላያቸው ላይ እንድትጫወትም ፈቀዱላት። የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሿ ወፉ በሞተችበት ጊዜም ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫወቱት እሳቸው ናቸው። እኛ ከዚህ የበለጠ ምን ሥራ ይዞን ነው ለልጆቻችን ጊዜ የምናጣው?

ስለ ቋንቋ ካነሳን ዘንድ የቦዲቲ ልጅ ሌላው የማይሸከመው ሸክም አለበት። በትምህርት ቤት ወላይትኛን በላቲን ፊደል ይማራል። አማርኛ በራሱ ፊደል ይመጣል። መድረሳ ሲገባ የዐረብኛ ፊደል ይጠብቀዋል። ላቲኑና የእኛው ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ገና 8 እና 9 ዓመት ሳይሞላው ሦስት ፊደል! ይህ ከተያዘ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሁለት ወር ከተተወ ግን ሦስቱም ይደበዝዛሉ። ሃሪስ ኩፐር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. 39 ጥናቶችን ገምግመው፣ ተማሪዎች በረጅሙ ዕረፍት በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚረሱ፣ በሒሳብም ጉዳቱ እንደሚብስ ጽፈዋል። ስለ መጠኑ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ያልተነካ ነገር እንደሚረሳ ግን ቁርአን የሐፈዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ልጅ በምን ቋንቋ እንደሚማር ቀላል ጉዳይ አለመሆኑን ወላይታ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1992 ዓ.ም. ከአራት ቋንቋዎች ተቀላቅሎ በተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ምክንያት ሕዝቡ ተቃውሞ አንሥቶ የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት ደርሶ ነበር። እንግዲህ ሕዝብ ይህን ያህል የከፈለለትን ቋንቋ እኛ በቤታችን እናክብረው። የነቢያትን ታሪክ ለልጁ ስንነግረው አፉን በፈታበት ቋንቋ ይሁን፤ በወላይትኛም፣ በሀላብኛም፣ በስልጥኛም፣ በአማርኛም። ከዚያ ከታሪኩ አንድ ሁለት የዐረብኛ ቃል እንጨምርለት። ልጅ ያልገባውን ታሪክ አይወደውም።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። የሙስሊም ቤት ቀኑ በሶላት ወቅቶች የተከፈለ ነው፤ አዲስ ፕሮግራም ማውጣት አያስፈልገንም።

ጠዋት፣ የልጁ አእምሮ ትኩስ በሆነበት ሰዓት፣ 15 ደቂቃ ለቁርአን እንስጥ። እስኪ አብረን እንቁጠር። ፋቲሓ 7 አንቀጽ ናት። ከሱረቱል ፊል እስከ ሱረቱ ናስ ያሉት የመጨረሻዎቹ 10 ሱራዎች አንድ ላይ 48 አንቀጾች ናቸው። በድምሩ 55 ይሆናሉ። በቀን አንዲት አንቀጽ ብቻ ቢይዝ በ55 ቀን ይጨርሳቸዋል፤ ከ65ቱ ቀናት 10 ቀን ለመከለስ ይተርፈዋል። መስከረም ሲጠባ ልጃችሁ ሶላቱን የሚሰግድባቸውን ሱራዎች ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል። መድረሳ ለሚሄደውም ቢሆን ማታ ያችኑ አንቀጽ እናቱ ወይም አባቱ ቢያዳምጡት ለልቡ ሌላ ነው።

ከቁርስ በኋላ ልጁ ከእናቱ ጋር ይሥራ። እናት ቦሎቄ ስትለቅም ልጁ አሥር አሥር እያደረገ ይደርድር፤ ሒሳብ ነው። በቆሎ ሲፈለፈል የአንዱን ረድፍ ፍሬ ይቁጠር። አባት ከሱቅ ባዶ ካርቶን ያምጣ፤ በመቀስ ተቆርጦ በአንድ በኩል የላቲን፣ በሌላ በኩል የአማርኛ ፊደል ይጻፍበት። የዐረብኛው ለብቻው ይሁን፤ የአላህ ስም ወይም የቁርአን ቃል የተጻፈበት ካርቶን መሬት ላይ እንዳይጣልም እናስተምረው፤ ይህም ራሱ አደብ ነው። የልጁን ስም በሦስቱም ፊደል ጽፈን ግድግዳው ላይ ብንለጥፍለት በስንት ደስታ እንደሚያነበው ታያላችሁ።

ከዙህር በኋላ ዝናቡ ሲጀምር የጨዋታ ሰዓት ነው። ገበጣ ገንዘብ አይጠይቅም። ከአጨዋወቶቹ አንዱን ብንወስድ፣ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ነው፤ 48 ጠጠር እየቆጠሩ ማዞር መደመርና መቀነስን ያስተምራል። ያለ ምንም ውርርድ ይሁን እንጂ። ቅልልቦሽ እጅና ዓይንን ያፈጥናል። እንቆቅልሽ አእምሮን ይስላል። የደጁ ጭቃ ማቡኪያ ነው፤ ጀበናም፣ ድስትም፣ ቤትም ይሠራበታል። ከእንሰት ቃጫና ከአሮጌ ጨርቅ ኳስ ይታሰራል። የመዲና እናቶች ሱፍ ነበራቸው፤ እኛ ቃጫ አለን።

ከዐስር በኋላ ዝናቡ ካባራ ይውጡ፤ ይሩጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 ዓመት በታች ያሉ፣ መራመድ የጀመሩ ልጆች በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት መንቀሳቀስ እንዳለባቸው ገልጿል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉት ደግሞ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ፊት ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ከጎረቤት ልጆች ጋር ይጫወቱ፤ ጎረቤት በእስልምና ትልቅ ሐቅ አለው። ልጃችን ሲያቀብሉት አመስግኖ መቀበልን፣ ሲሸነፍ አለመሳደብን የሚማረው እዚያ ነው። ውኃ የሞላበትን ጉድጓድና የጎርፍ መውረጃውን ግን አስቀድመን ዞረን እንይ፤ ትልቅ ሰው ከአጠገባቸው አይራቅ። መግሪብ ሲቃረብ ሁሉም ቤት ይግባ፤ ሲመሽ ልጆችን መሰብሰብ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ ነው።

ማታ ከመኝታ በፊት ያለው ሰዓት የአባት ነው። አባቶች ሆይ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ሪዝቅ ስትደክሙ ውላችኋል፤ አላህ ይቀበላችሁ። ግን ለልጆቻችሁ የምታመጡት ዳቦና ስኳር ብቻ አይሁን። ሞባይሉን አስቀምጣችሁ 20 ደቂቃ ታሪክ ንገሯቸው። ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት የኑሕን (ዐ.ሰ.) መርከብ የመሰለ ታሪክ ከየት ይገኛል? የቢላልን (ረ.ዐ.) ታሪክ ንገሯቸው። ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) በልጅነታቸው የተንከባከቧቸው ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.) የሐበሻ ሴት መሆናቸውን ንገሯቸው። ሉቅማን ልጁን እንዴት እንደመከረው ቁርአን በ31ኛው ሱራ ይነግረናል፤ መጀመሪያ ተውሒድን፣ ቀጥሎ የወላጅን ሐቅ፣ ከዚያ ሶላትን፣ ከዚያም ትሕትናንና ድምፅን ዝቅ ማድረግን። ሉቅማን ልጁን ሲያነጋግር በፍቅር ቃል እየጠራው እንደሆነም ልብ በሉ።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አማናችንን አልተወጣንም። በብዙ ቤቶች ክረምት ሲመጣ የ11 እና የ12 ዓመቷ እህት ሞግዚት ትሆናለች። ታናናሾቿን ትጠብቃለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች፤ ደብተሯን ሳትገልጥ መስከረም ይደርሳል። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት ይውላል። ይህ ፍትሕ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በቤት ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር። ወንዱም ሳህን ይጠብ፤ ታናሹን ይያዝ። እሷም እንደ እሱ የምታነብበትና የምትጫወትበት ሰዓት ይኑራት። ልጁን ሱቅ ይዞ መሄድም ሂሳብና ታማኝነትን ያስተምራል፤ ሚዛን አለማጉደልን ከአባቱ እጅ ያያል። ነገር ግን አንድ ሁለት ሰዓት እንጂ ክረምቱን በሙሉ ነጋዴ አናድርገው።

«ቤቱ ጠባብ ነው፣ ገንዘብ የለም፣ ጊዜ የለም» የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፣ ኑሮ ከባድ ነው። ግን ቆጥራችሁ እዩት። ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 20 ደቂቃ፤ በድምሩ 35 ደቂቃ። የቀረው ሥራችሁን እየሠራችሁ ልጁን ከጎናችሁ ማድረግ ነው። ካርቶኑ የሚጣል ነው፤ ጠጠሩ ከደጅ ነው፤ ጭቃው ከአላህ ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤታሞች ከሆናችሁም ተራ ግቡ፤ አንድ ቀን በአንዷ ቤት፣ አንድ ቀን በሌላዋ። አንዷ ልጆቹን ስትይዝ ሌላዋ ገበያ ደርሳ ትመጣለች።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ልጆቻችን ዛሬ እኛን ይፈልጋሉ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን እኛ እንፈልጋቸዋለን፤ እነሱ ከጓደኛና ከስልክ ጋር ይሆናሉ። ያኔ ቃላችንን እንዲሰሙ ዛሬ የእነሱን ቃል እንስማ። ያኔ ከቤት እንዳይሸሹ ዛሬ ቤቱን እናስወድዳቸው። ከነገ ጠዋት በአንዲት አንቀጽና በአንድ ጨዋታ እንጀምር።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። እናቶችን በትዕግሥታቸው፣ አባቶችን በልፋታቸው ይመንዳቸው። ክረምቱን የረድኤትና የበረከት ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።