ቸር አባት ካለፈ በኋላ የሚቀረው
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአማኑኤል ከተማ የቀረበ ንግግር)



በዚህ አገር ሰው ሲያርፍ ለቀስተኛው ስለ ሟቹ ሁለት ነገር ይነጋገራል። አንደኛው ቤቱን እንዴት ይዞ ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው ለጎረቤቱ እጁ ይፈታ ነበር ወይ የሚል ነው። ስንት ጥማድ በሬ ነበረው፣ ስንት ቆርቆሮ ቤት ሠራ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለውም በእነዚህ በሁለቱ ነው። በዛሬው በዓል በሁለቱም የሚታወሱ አንድ ሰው አሉ። ትውልዳቸው ሩቅ ነው፤ ሥራቸው ግን ለገበሬ ቤት ቅርብ ነው። እኒህ ሰው ካርል ሃይንዝ በም ናቸው።

ካርል መጋቢት 7 ቀን 1920 ዓ.ም. በጀርመን አገር ዳርምሽታት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥር የሙዚቃ መሪ፣ እናታቸው ዘፋኝ ነበሩ። እሳቸውም የፊልም ተዋናይ ሆኑ። «ሲሲ» በተባሉት ፊልሞች የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆነው በመጫወታቸው በመላው አውሮፓ ታወቁ። ገንዘብም ዝናም ነበራቸው። በምቾት መኖር ይችሉ ነበር።

ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ግን በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርበው ተወራረዱ። በአፍሪካ በረሃማ አገሮች ለተራበው ሕዝብ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ አንድ ማርክ አይሰጥም አሉ። ውርርዱን አሸነፉ፤ ከሦስት አንዱ አልሰጠም። የሰጠው ሰው ያዋጣው ሲደመር ግን ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። ካርል ገንዘቡን ለሌላ ሰው አስረክበው ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። ራሳቸው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በሐረርጌ ባቢሌ በመጠለያ የነበሩትን ተፈናቃዮች አዩ። ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. ሜንሽን ፉር ሜንሽን፣ በአማርኛ ሰዎች ለሰዎች ማለት ነው፣ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 53 ነበር። ብዙ ሰው ማረፍ በሚያስብበት ዕድሜ እሳቸው አዲስ ሥራ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ሥራ በኤረር ሸለቆ ነበር። ተፈናቃዮቹ በመጠለያ እህል እየተሰፈረላቸው እንዲቀሩ አልተደረገም። ሰፍረው እንዲያርሱ፣ ውሃ እንዲያገኙ፣ ልጆቻቸው እንዲማሩ ተደረገ። የእኒህ ሰው ቸርነት ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። የተሰፈረ እህል አልቆ ሰው እንደገና ሰፋሪውን ይጠብቃል፤ ሠርቶ የሚያድር ሰው ግን ነገ ለሌላው ይሰፍራል።

ስለ ቤታቸውም እውነቱ ይነገር። ካርል ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ትዳር መሥርተው ነበር፤ ትዳሮቹ አልዘለቁም። ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ ግን በድርጅቱ ተቀጥረው ይሠሩ ከነበሩ አንዲት የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ጋር ተዋወቁ። እኚህ ባለሙያ ወይዘሮ አልማዝ ተሾመ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ተጋቡ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ። ከቀደሙት ትዳሮች ጋር የልጆቻቸው ቁጥር 7 ነው። ከዚህ በኋላ ቤታቸውና ሥራቸው አንድ ሆነ። ስለ ከብት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ችግኝ ባልና ሚስት የሚመካከሩበት ቤት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የድርጅቱን አመራር ለባለቤታቸው አስረከቡ። ይህም ሚስት የቤት ጠባቂ ብቻ ሳትሆን የሥራ ባልደረባ መሆኗን በተግባር ያሳዩበት ነው።

ድርጅቱ በአማራ ክልልም ሠርቷል። በሰሜን ሸዋ የምትገኘው መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበች ናት። ተዳፋቱ ብዙ፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው፤ የማቻከልና የጮቄ አካባቢ ገበሬ ቢያየው አገሩን ያስታውሰዋል። እዚያ እርከን ተሠርቷል፤ ችግኝ ፈልቷል፤ ምንጭ ጎልብቷል፤ ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም ተገንብቷል። በዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታልም የዚሁ ድርጅት ሥራ ነው። የድርጅቱ አሠራር ሥራው ሲጠናቀቅ ለሕዝቡና ለመንግሥት አስረክቦ መውጣት ነው። ለዘላለም አጉራሽ ሆኖ መቀመጥ አይደለም።

አባትም እንዲህ ነው። ልጅ የሚያድገው አባቱ በሌለበት ቀን እንዲቆም ነው። ቸር ሰውም የሚለካው በሄደ ማግሥት ነው። ቆሞ የቀረ ሰው ካለ ቸርነቱ እውነት ነበር።

ካርል ሌላም ነገር ደፍረው ይናገሩ ነበር። በሴት ልጆች ላይ የሚደርሰውን ግርዛትና ያለዕድሜ ጋብቻን በአደባባይ ይቃወሙ ነበር። ይህ ነገር የጎጃምንም ቤት ይነካል። ለድግስ ጠላውን ሲያስጠምቅ፣ በሬ ሲጥል እጁ የማይሰስት አባት፣ ገና ደብተር የያዘችን ልጅ ለአማች ከሰጠ ቸር ሊባል አይችልም። የሰጠው የራሱን ሳይሆን የልጁን ነው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ሕጉ ቢኖርም በር ላይ ቆሞ የሚያስቆመው አባት ነው።

እንግዲህ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ከዚህ ሕይወት ምን ይወስዳሉ?

አንደኛ፣ ማኅበሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አባል በድንገት ሲያርፍ የሚቸገረው ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። ዕጣው ስንት እንደሆነ፣ ያስገባው እህል ተከፍሎ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ቀርቶበት እንደሆነ ቤተሰቡ ካላወቀ ሐዘኑ ላይ ክርክር ይጨመራል። ስለዚህ አባል በሕይወት ሳለ ወራሹን ያስመዝግብ፤ ደረሰኙን ከሚስቱ አይሸሽግ፤ ወደ ጠቅላላ ጉባኤም ይዟት ይምጣ። እሷም ራሷ አባል ትሁን።

ሁለተኛ፣ ከትርፉ ላይ ሁሉም ዛሬውኑ ይከፋፈል የሚል ድምፅ በየጉባኤው ይነሣል። ችግር ያለበት ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሆኖም ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ገንዘብ ገና ማሳ ለሌለው ልጅ የሚቀመጥ ድርሻ ነው። መሬቱ እየጠበበ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ኖራ ካልተደረገበት ማዳበሪያው በከንቱ የሚቀርበት ማሳ ብዙ ነው። የዛሬ አባት ለልጁ የሚያወርሰው የመሬት ስፋት ትንሽ ከሆነ፣ የታከመ አፈርና የቆመ ማኅበር ያውርሰው።

ሦስተኛ፣ ለሥራ ኃላፊዎችና ለባለሙያዎች። ካርል ከሩቅ ሆነው ሪፖርት ከማንበብ ይልቅ ከገበሬው ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ማኅበርን መደገፍ ማለት በማኅበሩ ስፍራ መወሰን አይደለም። ሒሳብ ያዡ እንዲሠለጥን፣ ኦዲቱ በጊዜው እንዲደረግ፣ አባሉ ራሱ መሪውን እንዲጠይቅ ማብቃት ነው። ድጋፉም አንድ ቀን እንዲያበቃ ታስቦ ይሰጥ።

ካርል ሃይንዝ በም እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጥቷቸዋል። በ2007ም የባልዛን ሽልማት አግኝተዋል። በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራ አደባባይ አለ። በመጨረሻ ዘመናቸው የመርሳት ሕመም አገኛቸው፤ ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. በ86 ዓመታቸው በኦስትሪያ አረፉ። እሳቸው የሠሩትን ረስተው ይሆናል፤ ከምንጩ የምትቀዳው እናት ግን ውሃውን፣ በትምህርት ቤቱ የተማረው ልጅም ፊደሉን ይዘዋል።

የካርልን ያህል ገንዘብ ማሰባሰብ ለሁሉም አይቻልም። ወንፈል ለሌለው ጎረቤት አንድ ቀን ማረስ፣ ለሙት ልጅ ደብተር መግዛት፣ ሴት ልጅን እስከ ፍጻሜ ማስተማር፣ ለማኅበር የታመነ ሚዛን መያዝ ግን በአማኑኤልም በየቀበሌውም ይቻላል። የለቅሶ ቤት ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፤ መልሳቸው የሚዘጋጀው ዛሬ በቤትና በማኅበር ነው።